ቤቱ የእሷ፣ በሩ የእኔ

ልጄ ኖርዝ ሆሊውድ ባለው ቤቷ ጓሮ አንዲት ትንሽ ቤት አሠራች። ለእኔ ነው። ማሠራቷን የነገረችኝ ግን ጣሪያው ካለቀ፣ ቀለሙም ከተቀባ በኋላ ነው። የሐበሻ ሱቅ በሞላበት በሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ከምንበላበት ቤት ፊት ለፊት መኪናዋን ፓርክ አደረገች። ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ ስልኳን አወጣችና ፎቶ እያሳየችኝ «እማዬ፣ ሰርፕራይዝ!» አለችኝ። ሰርፕራይዝሽን ይዘሽ ጥፊ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጾም ስለነበር ዋጥኩት።

ቤቷ መቼም ታምራለች፤ አይካድም። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ መስኮት፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳይወድቅ የሚጨበጥ ብረት። እኔ ግን የማየው በሩን ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ልጄ ግቢ ነው። መንገድ ለመውጣት በልጄ ኩሽና መስኮት ሥር ማለፍ፣ ከዚያ ቁጥር እየተነካ የሚከፈተውን የብረት በር መክፈት ያስፈልጋል። በግራ የልጄ አጥር፣ በቀኝ የልጄ አጥር፣ ከኋላ የልጄ አጥር፣ ከፊት ልጄ ራሷ።

«ይቺማ ሌሶቶ ናት» አልኳት።

«ምን?»

«ሌሶቶ! የተወለድሽባት አገር! ዙሪያዬን አንቺ፣ መውጫዬ አንቺ፣ መግቢያዬ አንቺ። ሌሶቶ ካልሆነች ታዲያ ምንድን ናት?»

«ዋው። ሶ እኔ አፓርታይድ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ልጄ ክፉ አይደለችም። ነርስ ናት፤ ባሏን ከፈታች ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሌት ተቀን የሰው እናት ስታነሣና ስታስተኛ ውላ፣ የራሷ እናት ወድቃ ትገኝ ይሆን እያለች እንቅልፍ የምታጣ ልጅ ናት። ይህን አውቃለሁ። ግን እኔም ሰው ነኝ። ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ቤት ያላት አፓርታማ አለችኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ብቻነቱም ቢሆን የራሴ ነው። ጠዋት ደረጃዬን እየቆጠርኩ እወርዳለሁ። የባልትና ሱቁ ልጅ «እትዬ፣ ትኩስ በርበሬ ገብቷል» ይለኛል። ከምግብ ቤቷ ሴትዮ ጋር በፖለቲካ እንጣላለን፤ በነጋታው እንታረቃለን። ሲደክመኝ እመለስና በሬን ዘግቼ፣ እግሬን ሰቅዬ፣ ማንም ሳያየኝ አንኮራፋለሁ። ልጄ ልትወስድብኝ የመጣችው ይህንን ነው። በፍቅር ነው የምትወስደው፤ በፍቅር የመጣ ደግሞ እምቢ ለማለት እንዴት እንደሚያስቸግር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሌሶቶን ለማያውቅ ልንገር። ደቡብ አፍሪካ ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽዬ የተራራ አገር ናት። ግራዋም ቀኟም፣ ፊቷም ጀርባዋም ያው አንድ ጎረቤት ነው። ባሕር የላትም፤ «በዚህኛው ብጣላ በዚያኛው እወጣለሁ» የምትልበት ሌላ ጎረቤትም የላትም። ንጉሥ አላት፣ ባንዲራ አላት፣ ነፃ አገር ናት። ከመርፌ እስከ ነዳጅ ግን በዚያ በአንዱ ጎረቤት በር ነው የሚገባላት።

እኛ የሄድነው በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነበርና እዚያ አገር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀጠረው። የዚያን ጊዜ በእኛ ፓስፖርት ደቡብ አፍሪካን መርገጥ የማይታሰብ ስለነበር፣ ዞረን ዞረን በትንሽ አውሮፕላን፣ እኔ ማርያም ማርያም እያልኩ ገባን። ካረፍን በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። በእግርም በመኪናም የትም መውጣት አንችልም። አገር ሙሉ ግቢ ሆነብን።

ብርዱን አልነግራችሁም። ሰዉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ፣ በፈረስ ገበያ ይወጣል። መጀመሪያ ሳይ ሁሉም ከአልጋው ተነሥቶ የመጣ መስሎኝ በሳቅ ፈረስኩ። ባለቤቴ ጎሸም አደረገኝና «አንቺ ጋቢ ለብሰሽ ስትወጪ ማን ሳቀብሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ወር ሳይሞላኝ እኔም ተከናንቤ ወጣሁ።

የተከራየነው ከአንዲት ሴትዮ ጓሮ ነው። እናንት ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ጓሮ ቤት ነበር የኖርኩት። ሰዉ ሁሉ ሴትዮዋን «ምዔ» ይላታል፤ በአገሩ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ እኔም ምዔ አልኳት። ባሏ እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ ከድንበር ማዶ ወርቅ ማዕድን ይሠራል፤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። እርሻውንም፣ ከብቱንም፣ ጣሪያ መክደኑንም የያዘችው እሷ ናት። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። ክብ የሣር ክዳን ቤቷ ፊት ለፊት በሸምበቆ አጥር የተከለለች ትንሽ ደጅ ነበረች።

በደረስን በሳምንቱ ጨው አለቀብኝ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጨው ሲያልቅ ጎረቤት ጓዳ ገብቶ ቆንጥሮ መውጣት ነው፤ ባለቤቷ ከሌለችም ስትመጣ ይነገራታል። እኔም ስኒዬን ይዤ፣ የሸምበቆውን አጥር አልፌ፣ በሩን ገፋ አድርጌ «እንደምን አደርሽ» እያልኩ ገባሁ። ምዔ መሬት ተቀምጣ ዱባ ትልጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ተነሥታ እጄን ያዘችኝ። የምትስመኝ መስሎኝ ጉንጬን ሰጠኋት። እሷ እቴ! በእጄ ይዛ በበሩ አወጣችኝ፣ በደጁ አሳለፈችኝ፣ ከሸምበቆው አጥር ውጭ አቆመችኝና ተመልሳ ገብታ ዱባዋን መላጥ ቀጠለች።

ደሜ ፈላ። አባረረችኝ እኮ! ለቁንጥር ጨው! ልሄድ ፊቴን ሳዞር ከቤት ውስጥ «ኮ ኮ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ምዔ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ለሕፃን እንደሚያስጠኑ ሁሉ ረጋ ብላ ደገመችው፤ «ኮ ኮ!» ስኒዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብስጭቴ ሳይበርድ «ኮ ኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

ዞረች። የዚያን ዕለት ገና መጀመሪያ ያየችኝ ያህል ፊቷ በራ፤ «ኬና!» አለች። ግቢ ማለት ነው። ጨዉን በስኒ ሙሉ ሰጠችኝ። ሻይ አፈላችልኝ። እስከ እኩለ ቀን ሳልነሣ ተጫወትኩ፤ እሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እኔም በባሰው።

ይህ «ኮ ኮ» የአገሩ ደንብ ነው፤ ልክ እኛ በራፍ ቆመን «ቤቶች!» እንደምንለው። እሷ ግን አጠበቀችው። ባሏ ከማዕድን ሲመለስ እንኳ ሳጥኑን እንደተሸከመ አጥሩ ሥር ቆሞ «ኮ ኮ» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። «ይሄማ የእሷ ሕግ ነው፤ የእኛ አይደለም» እያሉ ሌሎቹ ሴቶች ይስቁባታል። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ ከበሬ ውጭ «ኮ ኮ» ሰማሁ። ደንግጬ በአማርኛ «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ተጣጥቤ፣ ለብሼ፣ ፀጉሬን ጠቅልዬ ስከፍት ምዔ የተቀቀለ ዱባ በሣህን ይዛ ቆማለች። ነፋሱ ብርድ ልብሷን ያርገበግበዋል፤ ዱባው ቀዝቅዟል።

«ቤቱ የራስሽ አይደለም እንዴ? ምን ያስቆምሻል?» አልኳት።

«ቤቱ የእኔ ነው» አለችኝ፤ «በሩ ግን የአንቺ ነው።»

ልጄ እዚያው ተወለደች። ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ሰሞን ትልቋ ጎረቤት፣ ደቡብ አፍሪካ፣ በሩን ዘጋች። ከአፓርታይድ ሸሽተው ሌሶቶ የተጠጉ ሰዎች ነበሩ፤ «እነሱን አባርሪ፣ አለበለዚያ ምንም አይገባልሽም» አለቻት። በወሬ ደረጃ ስንሰማው ቀላል ነበር። በቀናት ውስጥ ሱቁ ባዶ ሆነ። ለካ ሻማው፣ ክብሪቱ፣ ላምባው፣ ሁሉም በዚያ በር ነበር የሚገባው! የልጄ የዱቄት ወተትም አለቀ። ጡት ጥላለች፣ ሌላ ነገር አልለመደችም፤ ጡጦዋን እያሳየችኝ ታለቅሳለች። አብሬያት አለቀስኩ። «ኮ ኮ» ተባለ። ምዔ ናት፤ የማሽላ ገንፎ ቀጠን አድርጋ ይዛለች። «ሞቶሆ» ይሉታል፤ አቡክተው ስለሚያሳድሩት ጎምዘዝ ያለ የእኛ አጥሚት ነው በሉት። ልጄ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች። በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ላሰችው። በሦስተኛው ሳምንት ጉንጯ ተነፋ።

ምዔ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት ተጠግቶ ነበር። የወንድሜ ልጅ ነው ትላለች፤ እንዳልሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከማዶ ሸሽቶ የመጣ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ልብስ ሳጥብ ልጄን ይይዝልኛል፣ ያጫውትልኛል። እኔ ግን ፈራሁት። አዲስ አበባ ያየሁት ይበቃኛል፤ ወታደር በር ሲመታ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እነዚያ ከማዶ ያሉት ደግሞ ድንበር ተሻግረው መግደልም እንደማይገዳቸው ይታወቃል። አንድ ቀን ምዔ ማሽላዋን ሰሌን ላይ ስታሰጣ ተጠግቼ፣ «ይህን ልጅ ወደ ከተማ ብትሸኚው ምን አለበት? በእሱ ሰበብ ሁላችንም ልናልቅ ነው እኮ» አልኳት።

ቀና አላለችም። ማሽላዋን በእጇ እያስተካከለች፣ «ኮ ኮ አለ፤ ኬና አልኩት። አሁን ተመልሼ ምን ልበለው?» አለችኝ። «አንቺንም ያልኩሽ ይህንኑ ነው» ብላ ጨመረች።

ጎንበስ ብዬ አብሬያት ማሽላውን ማስጣት ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ በዚያች አገር መንግሥት ተለወጠ። በሩም ተከፈተ። የተጠጉት ሰዎች ግን እየተሰበሰቡ በአውሮፕላን ወደ ሩቅ አገር ተላኩ። ያ ልጅም በትንሽ ሻንጣ፣ የምዔን ባል ብርድ ልብስ ደርቦ ሄደ። ምዔ የሸምበቆ አጥሯን ይዛ መኪናው ከተራራው እስኪታጠፍ ቆመች። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ያቺ ይሸኝ ያልኩት። በሳምንቱ ሱቁ ወተት ሞላ። ገዛሁ፤ ልጅ ያላት ሴት ምን ታድርግ? ልጄ ግን ጡጦውን ገፍታ ሞቶሆዋን ጠየቀች።

የዛሬዋን ሌሶቶ የማውቃት በሱሪ ነው። አትሳቁ። ዳውንታውን ለአንድ ጉዳይ ሄጄ፣ ከፀሐይ ለመሸሽ አንድ ልብስ መደብር ገባሁ። ጂንስ እያገላበጥኩ ስሄድ ከውስጥ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ አነበብኩ። ሌሶቶ የተሠራ ይላል። ቆሜ ቀረሁ። ያ ተራራ፣ ያ ብርድ፣ ያቺ የሸምበቆ አጥር እዚህ ሎስ አንጀለስ በማንጠልጠያ ተሰቅላ! ልጃገረዶቹ አሁን ፋብሪካ ይሰፋሉ ማለት ነው። አገሪቱ ውኃዋንም ለዚያው ለጎረቤቷ ትሸጣለች አሉ፤ እሰይ፣ እስቲ ደግሞ እነሱ የእሷን በር ይጠብቁ! ሱሪውን ገዛሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ቀሚስ እንጂ ሱሪ ለብሼ አላውቅም። ቤቴ ውስጥ በሬን ቆልፌ፣ ማንም ሳያየኝ እለብሰው ጀመር።

ችግሩ፣ በሬ መቆለፉን እንጃ። ባለፈው ዓመት ደረጃው ላይ አዳልጦኝ ጉልበቴ ካበጠ ወዲህ ልጄ የቤቴን ቁልፍ አስቀርጻለች። ከሥራ ስትወጣ ድራይቭ አድርጋ ትመጣለች፤ ቁልፉ ቀጭ ይላል፣ «ሃይ እማዬ!» እያለች ፍሪጄ ውስጥ ናት። «ይሄ ኤክስፓየር አድርጓል፤ ይሄም» እያለች ትጥላለች። አንድ ጊዜ ፎጣ ብቻ አገልድሜ አገኘችኝ። «ምን አለበት፣ ነርስ እኮ ነኝ» አለችኝ። እኔ ዌስትውድ ሰፈር ተቀጥሬ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ዓመታት ጦሬያለሁ። አልጋ ላይ የዋለች፣ ስሟን እንኳ የረሳች ሴት ነበረች። ቁልፏ ኪሴ እያለ በራፏ ቆሜ «ኮ ኮ» ሳልል ገብቼ አላውቅም። ታዲያ እኔ ከዚያች አሮጊት በምን አንሼ ነው?

ከዚያች የቅዳሜ ምሳ በኋላ ልጄ ደወለች። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አወራን፤ የምዔንም ነገር ከሥር ጀምሬ ነገርኳት።

«ኦኬ እማዬ» አለችኝ፤ «ኮ ኮ እላለሁ። ግቢ እስክትይኝ ድረስ አልገባም። አንቺ ደግሞ ቤቱን አንዴ መጥተሽ እዪው። ዳኛው አንቺ።»

«አየዋለሁ» አልኩ። መቼ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። እኔም ብልጥ ነኝ።

ቃሏን ጠበቀች። ከበሩ ውጭ ቆማ «ኮ ኮ!» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ነጠላዬን እያስተካከልኩ፣ እንደ ንግሥት ተኮፍሼ «ግቢ!» እላለሁ። ደስ አለኝ። እንደገና ቤት ያለኝ ሴት ሆንኩ። ጓሮ ቤቱን ለማየት ሳልሄድ ሳምንታት አለፉ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ ሱሪዬን ለብሼ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሽሮ ላወርድ ወንበር ላይ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜ! ምን እንደቆረጠኝ እንጃ። ወንበሩ ከሥሬ ሸሸ። ራሴን ያገኘሁት በምድጃውና በጠረጴዛው መሀል መሬት ላይ ነው። ግራ እጄ ከሥሬ ታጥፏል፤ ሽሮው ፀጉሬ ላይ ፈሷል። ስልኬ መኝታ ቤት ነው። ቀስ ብዬ እነሣለሁ ብዬ ስሞክር ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው። እንደዚያው ጋደም አልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ኮ ኮ!»

ልጄ ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ግቢ ካልኳት መሬት ላይ ታገኘኛለች። መሬት ላይ ካገኘችኝ ደግሞ አበቃ። ፌርፋክስ አበቃ፣ ጠዋቴ አበቃ፣ ጠቡና እርቁ አበቃ። ከዚያ በኋላ የምወስነው ምን ይኖረኛል? መጀመሪያ ልነሣ፣ ፀጉሬን ላራግፍ፣ ከዚያ ግቢ እላታለሁ አልኩ።

«እማዬ? ኮ ኮ!»

«ቆይ!» አልኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልብስ እየለበስኩ ነው!»

በቀኝ እጄ የወንበሩን እግር ይዤ ልነሣ ሞከርኩ፤ ወንበሩ ከእኔ ጋር ተንሸራተተ። ከበሩ ውጭ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። አሁን ትከፍታለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልከፈተችም።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «ድምፅሽ ከታች ነው የሚመጣው።»

ነርስ አይደለች!

«ወድቀሻል አይደል?»

በቀኝ እጄ ሽሮውን ከፀጉሬ ማራገፍ ያዝኩ። የምታለቅስ መሆኗ በትንፋሿ ያስታውቃል። «ቁልፉ እጄ ላይ ነው» አለች፤ «ቃል ስለሰጠሁሽ ነው የቆምኩት። ፕሊስ እማዬ፣ ግቢ በይኝ። ግቢ በይኝ እንጂ!»

ጉልበቱ የእሷ ነው፣ ቁልፉ የእሷ ነው፣ ሙያው የእሷ ነው። ብትከፍት ማን ይከለክላታል? እሷ ግን ከዚያች ከሰለለች የእንጨት በር ማዶ ቆማ፣ መሬት ላይ ሽሮ ተነስንሶባት የተኛች አሮጊት ትፈቅድላት ዘንድ ትለምናለች። ያን ጊዜ ምዔ ትዝ አለችኝ። ያቺ ሴት በሯን ለመዝጋት ስትል አይደለም ደንቡን ያጠበቀችው። ያን ልጅ «ኬና» ለማለት፣ እኔን «ኬና» ለማለት ነው፤ ማንም ሳያዛት፣ በገዛ አፏ። እኔ ደግሞ ለካ አገር የምጠብቅ መስሎኝ የገዛ ልጄን ድንበር ላይ አስለቅሳታለሁ!

«ግቢ!» አልኩ። «ግቢ ልጄ፣ ወድቄያለሁ፣ ግቢ!»

ገባች። አልተቆጣችም፣ «ብዬሽ አልነበር?» አላለችም። አጠገቤ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቴን ዳሰሰች፣ እጄን ቀስ አድርጋ አየችና «ተሰብሯል» አለች። ከዚያ ዝቅ ብላ እግሬን አየች።

«እማዬ… ሱሪ ለብሰሻል?»

«ያገርሽ ሥራ ነው» አልኳት። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብን።

እጄ በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል ስንወጣ፣ መኪና ውስጥ «እስቲ ያቺን ቤት አሳዪኝ» አልኳት። እሷ አልጠየቀችኝም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ሄድን። ግቢውን አልፈን፣ ቤቷን ዞረን ወደ ኋላ ስንሄድ፣ ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር አየሁ። የኋላው አጥር ተከፍቶ የእንጨት በር ገብቶበታል። ከበሩ ወዲያ ከቤቶቹ ኋላ የሚሄደው ጠባብ መንገድ ነው፤ እሱን ይዘው ቢወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያደርሳል።

«መቼ አሠራሽው?»

«ሌሶቶ ናት ካልሽኝ በሳምንቱ» አለች። ዓይኔን አላየችም። «የቤቱ ቁልፍ አንድ እኔም ጋ ይኖራል፤ ኦኬ? ግን ኮ ኮ ሳልል አልከፍትም።»

ጀሶው ተፈትቶልኝ፣ አፓርታማዬን ለቅቄ ጓሮ ቤቱ የገባሁ ቀን ዳቦ ይዛ በራፌ ቆመች። «ኮ ኮ! ቤት ለእንቦሳ!» አለች። «እንቦሳ እሰሪ፣ ግቢ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ፌርፋክስ ራቀኝ። በኋላ በሬ እወጣለሁ፣ አውቶቡስ እቀያይራለሁ፣ ስደርስ ደክሞኝ ከምግብ ቤቷ ሴትዮ ጋር እንኳ በወጉ መጣላት ያቅተኛል። እየተራገምኩ እሄዳለሁ፣ እየተራገምኩ እመለሳለሁ። የምሄደው ግን በራሴ በር ነው።

በገባሁ በጥቂት ቀን አመሻሹ ላይ ወጥ ጥጄ ጨው አለቀብኝ። ስኒዬን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ። የልጄን ቤት እኔ አንኳኩቼ አላውቅም፤ እናት አይደለሁ? እገባለሁ፣ ድስቷን እከፍታለሁ፣ «ይሄ ወጥ ነው እንዴ?» እላለሁ። የኩሽናዋን በር እጀታ ያዝኩ። በመስታወቱ ሳይ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣለች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፣ ጫማዋ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ወድቋል። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

እጄን ከእጀታው ላይ አነሣሁ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«ኮ ኮ!» አልኩ።

ከውስጥ ድንግጥ ስትል ሰማሁ። «ማነው?» አለች፤ በዚያ ግቢ ከእኔ ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

«ጎረቤት ነኝ። ጨው አልቆብኝ ነው።»

የቧንቧ ውኃ ሲከፈት ሰማሁ፤ ፊቷን እየታጠበች ነው።

«ትንሽ ቆይ» አለችኝ።

ስኒዬን ይዤ፣ ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ቆምኩ። ብርድ ብርድ ይላል። አልቸኮልኩም። ውኃው ተዘጋ፣ ወንበር ተሳበ፣ ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«ግቢ» አለችኝ፤ ገባሁ።